ቆዳ የማይበሳ ቢላዋ፤ ከባሌስትራ፣ ከቀንድና ከወይራ

የበዓል ማግስት ማለዳ በሜክሲኮና በልደታ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የተለመደ ድምፅ ይሰማል። ቆዳ ሰብሳቢዎች ጆንያቸውን በትከሻቸው አድርገው "ቆዳ አለ? የበግ ቆዳ፣ የፍየል ቆዳ!" እያሉ ከበር በር ይዞራሉ። አባወራው ትናንት የተገፈፈውን ቆዳ ከግቢው ጥግ አንሥቶ ሲያቀርብ ሰብሳቢው ቶሎ ዋጋ አይናገርም። መጀመሪያ ቆዳውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል። በሆዱና በጎኑ በኩል ሦስት አራት ቦታ ብርሃን ሾልኮ ከታየ ቆዳው ተበስቷል ማለት ነው። ዋጋው እዚያው ይወርዳል፤ ባስ ሲልም ገዥ አጥቶ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል።

ያንን ቀዳዳ የፈጠረው ብዙውን ጊዜ በጉ የተገፈፈበት ቢላዋ ነው። ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ስለቱ የደነዘዘ፣ እጀታው በደምና በስብ የሚያሟልጭ የወጥ ቤት ቢላዋ በቸኮለ እጅ ሲገባ ቆዳውን ወይ ይበሳዋል ወይ በስተ ውስጡ ይጭረዋል። ጭረቱ በዓይን ባይታይም ቆዳው በፋብሪካ ሲለፋ ይወጣል። በጉን ዓመት ሙሉ የቀለበው አርሶ አደር፣ ገዝቶ ያረደው የከተማ ነዋሪና ቆዳውን የሚጠብቀው ፋብሪካ ሁሉም የሚከስሩት በአንድ ትንሽ መሣሪያ ምክንያት ነው።

አገራችን ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በእንስሳት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። በተለይ የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው በግና ፍየል የሚታረደው በቄራ ሳይሆን በየቤቱ ነው። ቆዳው የሚበላሽበት ምክንያትም ብዙ ነው፤ እንስሳው በሕይወት እያለ እከክ፣ መዥገርና የእሾህ ጭረት ያጠቁታል፤ ከታረደ በኋላ ደግሞ ጨው ሳይነካው መዋሉ ያበሰብሰዋል። የቢላዋው ጉዳት ግን ከሁሉም በቀላሉ ሊቀር የሚችል ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ስለቱ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ እጀታው ለያዡ ልክ የሆነ የማይታጠፍ ቢላዋ ነው። እንዲህ ያለውን ቢላዋ ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል።

ባልጩት ከነበረበት ዘመን

ቢላዋና ከብት የተዋወቁት ብረት ከመገኘቱ እጅግ ቀድሞ ነው። በአፋር ክልል ጎና በተባለው ሥፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። በዚያው በአፋር፣ ቡሪ በተባለው ሥፍራ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ የድንጋይ ስለት ጭረት ያረፈባቸው የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። የሰው ዘር በዚያ ጥንታዊ ዘመን በእጁ የሠራው ስለት እንስሳን ለመበለት የዋለ ነበር ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬም የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ከባልጪት ጋር በአንድነት በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአካባቢው የሚገኘው ጥቁርና አንጸባራቂው ባልጩት ሲፈለጥ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስል ነው። በኮንሶ ደግሞ ቆዳ የሚያለፉ እናቶች ድንጋይ ፈልጠው መፋቂያ እየሠሩ ሲጠቀሙ ተመራማሪዎች በዘመናችን ሳይቀር መዝግበዋል። መፋቂያውን የሚሠራውም የሚጠቀምበትም አንድ እጅ ስለሆነ መሣሪያው ለሥራው ልክ ይሆናል።

ብረት ሲመጣም ይኸው ጥበብ ቀጠለ። የአፋሩ ጊሌ ከአርብቶ አደሩ ኑሮ ጋር የተስማማ ነው። የደጋው ማጭድ ለእህል አጨዳ እንዲመች ጎብጧል። በፊንላንድም ፑኮ የሚባለው አነስተኛ ቢላዋ ከበርች እንጨት በተሠራ እጀታና በቆዳ ሰገባ የገበሬውና የአዳኙ የዘወትር ጓደኛ ሆኖ ኖሯል። እያንዳንዱ አገር ቢላዋውን የሚሠራው በደጁ ካለው ነገር ነው።

አደባባዩ ላይ ቆሞ

ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን ለተቃወመችው ለሜክሲኮ መታሰቢያ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የከተማ ባቡር ጣቢያ አለ። ዛሬ አደባባዩን የሚያውቀው ሰው በአብዛኛው ታክሲ ወይም ባቡር የሚጠብቅበት ቦታ አድርጎ ነው። ለቢላዋ ሠሪ ግን ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ነው።

በቀላል ባቡሩ ወደ ልደታ ለሚሄድ ከሜክሲኮ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ተግባረ ዕድ ይባላል። ስሙን የወሰደው በ1934 ዓ.ም. ከተመሠረተውና ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ከሆነው ከተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ነው። ከልደታ አልፎ ወደ ሰሜን የሚያቀናው መስመር መርካቶ ያደርሳል። በዚያ ምን አለሽ ተራ አለ፤ ከመኪና የወለቀ ብረት፣ ያረጀ በርሜልና የተጣለ ቱቦ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ሠፈር ነው። ከአደባባዩ ወደ ደቡብ በቡልጋሪያ በኩል ሲወረድ ደግሞ ቄራ ይገኛል፤ የከተማዋ ሥጋ የሚወጣበት፣ ቀንድና ቆዳም የሚተርፍበት ቦታ ነው። ብረቱ ከሰሜን፣ ቀንዱ ከደቡብ፣ ሙያው ከመሐል ማለት ይቻላል።

ብረቱ ከየት ይምጣ?

ብረት ሁሉ ቢላዋ አይሆንም። የሕንፃ ፌሮ በቀላሉ ይገኛል፤ ይቀጠቀጣል፤ መልክም ይይዛል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ጥቂት ስለሆነ ግሎ ቢነከርም በደንብ አይጠነክርም። ከፌሮ የተሠራ ቢላዋ ጠዋት ቢሳል እኩለ ቀን ላይ ይደነዝዛል። በገበያ የሚታዩ አንዳንድ ርካሽ ቢላዋዎች ችግርም ይኸው ነው።

ባለ እጆች አብዝተው የሚመርጡት የመኪና ባሌስትራን ነው። ባሌስትራ የመኪናን ክብደት ተሸክሞ እየጎበጠ እንዲመለስ የተሠራ በመሆኑ ካርቦኑ ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ ነው። በአግባቡ ሲጠነክር ስለት ይይዛል፤ ቢጎብጥም ቶሎ አይሰበርም። ያረጀ ሞረድም ጥሩ ብረት ነው፤ ነገር ግን ከባሌስትራ ይልቅ ተሰባሪ ስለሆነ በሚገባ ማለዘብ ይፈልጋል።

ምንነቱ ያልታወቀን ብረት ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ብረቱ በሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ ላይ ሲነካ ብልጭታው ይታያል። ካርቦን ያነሰው ብረት ብልጭታው ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይጠፋል። ካርቦን ያለው ግን በጫፉ እንደ ኮከብ እየፈነዳ ይበተናል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ስንጥቅ መፈለግ ነው። ባሌስትራ ለዓመታት ሲጎብጥ ሲቃና ስለሚኖር በዓይን የማይለይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ከተሰበረበት ወይም ከተበሳበት ቦታ ራቅ ብሎ መቁረጥ ይመረጣል።

እሳት፣ መዶሻና ዘይት

ባለ እጁ ቁራጩን በከሰል ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ወናፉን ይነፋል። ብረቱ ወደ ብርቱካናማ ሲደርስ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያስቀምጠዋል። ብረት እንደጋለ ይቀጠቀጣል እንዲሉ፣ ቀለሙ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ መዶሻው ይቆማል። ቀዝቃዛ ብረት መምታት ስንጥቅ መጋበዝ ነው። የባሌስትራ ውፍረት ለአነስተኛ ቢላዋ ስለሚበዛ እየጋለ እየተቀጠቀጠ በጀርባው በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ይሳሳል።

ለመግፈፊያ የሚሆነው ቢላዋ ስለቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም በቂ ነው። ረጅም ስለት ከእጅ ቁጥጥር ይወጣል። ዋናው ነገር የጫፉ ቅርጽ ነው። ስለቱ ወደ ጫፉ ሲጠጋ እንደ ጨረቃ ይጎብጣል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይሸሻል። እጅ ቢስት እንኳ ቆዳውን የሚነካው የጎበጠው ሆድ እንጂ ሹሉ ጫፍ አይሆንም። በሌላው በኩል ደግሞ እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረት ጭራ ይወጣል።

ቅርጹ ሲያልቅ ብረቱ እንደገና ግሎ በአመድ ውስጥ ይቀበርና እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። በዝግታ የቀዘቀዘ ብረት ስለሚለሰልስ በሞረድ ለማስተካከል ይመቻል። በዚህ ደረጃ ስለቱ ሙሉ በሙሉ አይሳልም፤ እጅግ ከሳሳ በሚቀጥለው እሳት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ቀጣዩ የሙያው ልብ የሆነው ማጠንከር ነው። አባቶች "ብረቱን ውኃ ማጠጣት" ይሉታል። ባሌስትራ ግን ውኃ ውስጥ ቢገባ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ለእርሱ የሚሻለው ለብ ያለ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም ያገለግላል። ጊዜውን ለማወቅ ማግኔት ይረዳል፤ ብረት በ770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በማግኔት መሳቡን ያቆማል። ማግኔቱ ከለቀቀው በኋላ ጥቂት ተጨምሮበት ቀጥ ብሎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይት ሊቀጣጠል ስለሚችል ሥራው ከቤት ውጭ፣ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ አጠገብ ተይዞ መሠራት አለበት። ብረቱ መጠንከሩ የሚታወቀው ሞረድ ሲነካው ሳይበላ ሲንሸራተት ነው።

ነገር ግን እንዲህ የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ ይለዘባል። ጎኑ እስኪያንጸባርቅ ይፈተግና ጀርባው በጋለ ብረት ላይ ተደግፎ በዝግታ ይሞቃል። ያን ጊዜ በብረቱ ገጽ ላይ ቀለም መሮጥ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የጤፍ ጭድ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይመጣል። ለቢላዋ ስለት የሚፈለገው የጭዱ ቀለም ነው። ሰማያዊው ስለቱ ጋ ከደረሰ ቢላዋው ከሚገባው በላይ ለስልሷል፤ ሥራው ከማጠንከሩ እንደገና ይጀመራል። ምድጃ ያለው ሰው በ200 ዲግሪ አካባቢ ለአንድና ሁለት ሰዓት ቢያቆየው ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

ቀንድ ይጣላል ያለው ማን ነው?

በሬ ከአራጁ ይውላል ይባላል። ከሞተም በኋላ ቀንዱ የአራጁ ቢላዋ እጀታ ይሆናል። ቀንድ ለኢትዮጵያ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ጠጅና ጠላ በቀንድ ዋንጫ ተጠጥቷል፤ ክትፎም በቀንድ ማንኪያ ተበልቷል። ዛሬ ግን ብዙው ቀንድ ከዕርድ በኋላ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። እንደ ራያና አፋር ያሉ ረጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች ካሉበት አካባቢ የሚመጣ ሰንጋ አንዱ ቀንዱ ብቻ ለበርካታ እጀታ የሚበቃ ቁስ አለው።

ቀንድ ሁለት ክፍል አለው። ውጫዊው ቅርፊት ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ባሕርይ ያለው ሲሆን ውስጡ አጥንት ነው። ቀንዱ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ወይም ሲቀቀል አጥንቱ ይላቀቃል። የጫፉ ክፍል ድፍን በመሆኑ ተበስቶ የቢላዋውን ጭራ ለመቀበል የተመቸ ነው። ክፍት የሆነው የታችኛው ክፍል ደግሞ በፈላ ውኃ ሲለሰልስ ተሰንጥቆ ይዘረጋል፤ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል ተጠፍንጎ ሲቀዘቅዝ ጣውላ መስሎ ይቀራል። ያ ጣውላ ከጭራው ግራና ቀኝ ተለጥፎ በመዳብ ወይም በነሐስ ሚስማር ይያዛል፤ ሚስማሩም በሁለቱም ጫፍ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጣል።

እዚህ ላይ ለአርሶ አደሩም ለባለ እጁም የሚገባ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። በበሽታ የሞተ ከብት ቀንድና ቆዳ ፈጽሞ ለሥራ መዋል የለበትም። የአባ ሰንጋ ተህዋሲ በቆዳ፣ በፀጉርና በቀንድ ላይ ለረጅም ዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ስለሆነም ቀንድ መወሰድ ያለበት በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ ከታረደ ከብት ነው። ቀንድ ሲፈተግ የሚወጣው ብናኝም ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ቀንድ ያልተመቸው ሰው እንጨት አለው። ወይራ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለእጀታ ይመረጣል። ለአንድ እጀታ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከአናጢ ቤት የሚተርፍ አንድ ስንዝር ቁራጭ ይበቃል። በሚገባ ያልደረቀ እንጨት ግን በኋላ ስለሚሸበሸብ እጀታው ይላላል። የተጠናቀቀው እጀታ በተልባ ዘይት ደጋግሞ ቢታሽ ዘይቱ እየደረቀ እንጨቱን ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ተልባ ደግሞ ከደጋው አርሶ አደር ማሳ የሚገኝ ነው።

በፋብሪካ የተሠራ ቢላዋ ለሁሉም እጅ አንድ ልክ ነው። ባለ እጁ ግን የሚጠቀምበትን ሰው መዳፍ ለክቶ ይሠራል። የመዳፉ ስፋት የእጀታውን ርዝመት፣ የጣቶቹ አጨባበጥ ውፍረቱን ይወስናል። ግራኝ ለሆነ፣ እጇ ትንሽ ለሆነች እናት፣ መዳፉ በሞፈር ለደነደነ ገበሬ የሚሠራው አንድ ዓይነት አይደለም። እጀታው ከስለቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወፈር ይላል፤ በስብ የራሰ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ይህ ነው። የቀንድ እጀታ በጣም ከተወለወለ ስለሚያሟልጭ በሞረድ ቀጫጭን መስመር ይወጣለታል።

ሰገባው

ሰገባ የሌለው ቢላዋ በጆንያ ውስጥ ስለቱ ይጠፋል፤ ባለቤቱንም ይቆርጣል። ለሰገባ የሚሆነው በእንጨት ቅርፊት ወይም በሌላ ዕፅዋት የለፋ ወፈር ያለ ቆዳ ነው። በክሮም ጨው የለፋ ቆዳ በውስጡ የሚቀረው ጨው ብረቱን ሊያዝግ ይችላል። ቆዳው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ በጨርቅ በተጠቀለለው ቢላዋ ላይ ተጣጥፎ ቅርጹን እየያዘ ይደርቃል። ከዚያም በወስፌ ተበስቶ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል። በስፌቱና በስለቱ መካከል ተጨማሪ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ አለዚያ ቢላዋው በወጣ በገባ ቁጥር ክሩን ይበጥሳል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ቢላዋ ግን ከሰገባው ወጥቶ ዘይት ተቀብቶ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ቆዳ እርጥበት ይስባልና።

ቢላዋው ሥራ ላይ

ጥሩ ቢላዋ ብቻውን ቆዳ አያድንም፤ አያያዙም ወሳኝ ነው። የበግና የፍየል ቆዳ ሲገፈፍ ቢላዋ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ቅድ ላይ ነው። ከአንገት እስከ ጅራት በሆድ መሐል አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ በእግሮቹ ውስጠኛ ጎን ደግሞ ሌሎች መስመሮች ይቀደዳሉ። ስለቱ ወደ ውጭ እንዲመለከት ሆኖ ከቆዳው ሥር ሲገባ ሥጋውንም አይነካ፤ ቅዱም አይወላገድ። ከዚያ በኋላ ቢላዋው ሰገባው ውስጥ ይመለስና ቆዳው በቡጢ እየተገፋ፣ በእጅ እየተሳበ ይላቀቃል። ብዙ ቆዳ የሚበላሸው ቡጢ በሚበቃበት ቦታ ቢላዋ ስለሚገባ ነው።

የበሬ ቆዳ ከሥጋው ጋር ጠበቅ ብሎ ስለተያያዘ ቢላዋ ይፈልጋል። በአንድ እጅ ቆዳው ተወጥሮ ይያዝና የጎበጠው ስለት በረጃጅሙ ይሳባል፤ ስለቱም ወደ ቆዳው ሳይሆን ወደ ሥጋው ጥቂት ያዘነብላል። ሥጋ ላይ ያለ ጭረት ድስት ውስጥ ይጠፋል፤ ቆዳ ላይ ያለው ግን እስከ ጫማው ድረስ ይከተላል። ደነዝ ቢላዋ ከስል ቢላዋ የበለጠ አደገኛ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም፤ አልቆርጥ ሲል ኃይል ይጨመርበታል፤ ኃይል የተጨመረበት እጅ ደግሞ ይስታል። በየመሐሉ በመሳያ ድንጋይ ጥቂት መሳል ቆዳውንም ጣትንም ያድናል።

የተገፈፈው ቆዳ ከደሙና ከስቡ ጸድቶ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ በሰዓታት ውስጥ ወይ ለሰብሳቢው መድረስ ወይ በሥጋው በኩል በጨው መታሸት አለበት። እስከ ማግስቱ ግቢ ጥግ የተከመረ ቆዳ ባይበሳም ይበሰብሳል።

የባለ እጁ ዋጋ

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ባለ እጅ በየገጠሩ ነበረ። ማረሻ የሚያበጅ፣ ማጭድ የሚያወጣ፣ ዶማና መጥረቢያ የሚስል እርሱ ነው። በብዙ አካባቢ አርሶ አደሩ ዋጋውን በመኸር ወቅት በእህል ይከፍለው ነበር። ያለ እርሱ ማረሻ ባይኖርም፣ እርሱ ግን ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። ከእርሱ ጋር መጋባት፣ አንዳንድ ቦታም አብሮ መብላት እንደ ነውር ተቆጥሯል። በጎንደር ወለቃን በመሳሰሉ መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎችም የዚሁ ስም ሰለባ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ዛሬ በአገር ውስጥ የሉም።

መንግሥታት ይህን ለመለወጥ የሞከሩበት ጊዜ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የብረት ሥራ አቋቁመው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ከነፃነት ማግስት በሜክሲኮ አቅራቢያ የተከፈተው ትምህርት ቤት "የእጅ ሥራ" የሚል ትርጉም ያለው ስም ማግኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ተግባረ ዕድ የሚለው ስም ዛሬ በባቡር ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በየቀኑ ይነበባል።

ሆኖም አዋጅና ሰሌዳ ብቻቸውን ባለ እጁን አላቆዩትም። የአባቱን ሙያ የሚወርስ ልጅ ስድቡንም አብሮ ስለሚወርስ ብዙው ወጣት ሙያውን ትቶ ከተማ ይገባል። በገበያው ደግሞ በርካሽ የሚሸጠው ከውጭ የመጣ ቢላዋ ይጠብቀዋል። ያ ቢላዋ ሲገዛ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የበግ መግፈፊያ ተብሎ አልተሠራም፤ ሲደነዝዝም የሚያስተካክለው ሰው አብሮት አይመጣም።

ክፍተቱን ለመሙላት የሚያስፈልገው ነገር በእጅ ያለ ነው። ብረት ማጠንከርንና ማለዘብን በሳይንሱ የሚያስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሉ። እሳቱን በዓይኑ የሚለካ ባለ እጅም ገና አልጠፋም። የግብርና ባለሙያው ለአርሶ አደሩ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምር፣ በበዓል ዋዜማ ስለ መግፈፊያ ቢላዋና ስለ ቆዳ አያያዝ ጥቂት ቢጨምር ወጪ አይጠይቅም። ጎረቤታሞች ተዋጥተው አንድ ጥሩ ቢላዋ በልካቸው ቢያሠሩ ለዓመታት በጋራ ያርዱበታል፤ ባለ እጁም ከስድብ ይልቅ ገበያ ያገኛል።

በመጪው በዓል ማግስትም ቆዳ ሰብሳቢው ጆንያውን ይዞ በሜክሲኮ መንደሮች መዞሩ አይቀርም። ቆዳውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲያነሣውም አባወራው አብሮት ቀና ብሎ ያያል። ብርሃን የማያሳልፍ ቆዳ የያዘ ሰው ዋጋ ለመደራደር አፉን ሞልቶ ይናገራል።